ለፋብሪካው ጻፍ፤ የምትጠይቀውን ግን እወቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ዘመድህ ከአሜሪካ ያመጣልህ የካሴት መቅጃ፣ ታስካም ፖርታስቱዲዮ 244፣ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩም ይሰማል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም ብለሃል። ለፋብሪካው ልጻፍ ወይ፣ መለዋወጫስ ይኖራቸዋል ወይ ነው ጥያቄህ። እኔ በዚያው ዘመን በተሠራ ሌላ ባለአራት ትራክ (አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ) ካሴት መቅጃ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ውስጥ ለዓመታት ስቀዳ ኖሬያለሁ። አጎቴ በገና ሲደረድር የቀዳሁትም በእሱ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ጻፍላቸው። ግን ዕቃ ሳይሆን ወረቀት፣ የጥገና መመሪያውን፣ ጠይቃቸው።

244 ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 144 ደግሞ በ1979። ከ40 ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ካሊፎርኒያን የመሰለ ሸማቹን የሚጠብቅ ግዛት እንኳ በሕጉ አምራቹን የሚያስገድደው፣ ዕቃው ከተሠራ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫና የጥገና ሰነድ እንዲያቀርብ ነው። ይሄ ጊዜ ካለፈ ቆየ። ደግሞስ የድሮው ቤልት፣ ሞተሩ ቴፑን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ ከነማሸጊያው መጋዘን ውስጥ ቢገኝ ምን ያደርግልሃል? ጎማ ሳይሠሩበትም ያረጃል። ዛሬ የተሠራ ተራ ቤልት ከዚያ ኦርጅናል በብዙ ይሻላል።

እኔ ለራሴ መቅጃ አምራች ስጽፍ በሁለተኛው ቀን መልስ መጣልኝ። ትሕትና ያለው አጭር ደብዳቤ ነው። ዕቃ የለንም ይላል፤ ሥሩ ላይ ግን ስካን የተደረገ የሰርቪስ ማንዋል (የጥገና መመሪያ) ተያይዟል። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ያቺን ማንዋል ከአንድ ካርቶን መለዋወጫ ጋር አልለውጣትም። የታስካም የድሮ መሣሪያዎች የተጠቃሚ መመሪያ ድረ ገጻቸው ላይ ይገኛል። አንተ የምትፈልገው ግን የጥገናውን ነው፤ የሰርኪዩት ሥዕሉ ያለበትን። እሱን ለይተህ ጠይቅ።

ወደ ችግርህ ልምጣ። ሞተሩ እየሠራ ቴፑ ካልተሳበ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቤልቱን ነው። የኔን ስከፍት ቤልቱ ቤልት አልነበረም። ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። ፑሊው (ቤልቱ የሚጠመጠምበት ትንሽ ጎማ መሳይ ክብ) ላይ ተጣብቋል፣ ከባዱ መዘውር ላይ ተለጥፏል፣ ስነካው ጣቴ ላይ እንደ ማስቲካ ተጎተተ። በጆሮ ማጽጃ ጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረግኩት። አትቸኩል። በፑሊው ጎድጓዳ ላይ ትንሽ ቅሪት ከቀረች ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በገና ላይ ደግሞ ይሄ ወዲያው ይሰማል፤ ረጅሙ ድምፅ ይወላገዳል። አዲስ ቤልት ለመምረጥ የቀለጠውን አትለካ። ቤልቱ የሚዞርበትን መንገድ በክር ለካና ከዚያ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንስ። ቴፑን የሚጫነውን የጎማ ሮለር ግን በአልኮል አትነካካው፣ ይደርቃል። ለእሱ ውኃና ጠብታ ሳሙና ይበቃል።

ጥገና ቤት ከወሰድከው ደግሞ ይህን አስቀድመህ አስጠንቅቅ፤ ውስጥ ያሉትን የድምፅ ደረጃ የሚያስተካክሉ ትንንሽ ብሎኖች ማንም እንዳይነካ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጥገና ቤት የኔን ሲሠራ፣ ይስተካከል ብሎ ሁሉንም አዟዟራቸው። የነበሩበትን ቦታ ምልክት እንኳ አላደረገም። አንዱ ትራክ ጮኸ፣ ሌላው ደከመ። ወደ ቦታቸው የመለስኳቸው በዚያች ማንዋል ነው፤ የትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት መነበብ እንዳለበት ቁጭ አድርጋዋለች። 244 ላይ ዲቢኤክስ የሚባል ጩኸት ማፈኛ ስላለ ደግሞ ደረጃው ትንሽ ከተዛባ ማፈኛው ስህተቱን ያጎላዋል።

ቤልት ይገኛል። ካፓሲተር ይገኛል። የማይገኘው ሄዱ፣ ቴፑ ላይ ድምፁን የሚቀዳውና የሚያነበው ክፍል፣ ነው። የታስካም እናት ኩባንያ ቲያክ እስከ ቅርብ ጊዜ አዲስ ካሴት ዴክ ሲሸጥ ነበር፤ እሱ ግን ተራ ስቴሪዮ ነው፣ አራቱንም ትራክ ባንዴ በአንድ አቅጣጫ የሚቀዳ ሄድ የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሄዱን በባትሪ ብርሃን እየው። ቴፑ የሚያልፍበት ቦታ በጣም ጠፍጥፎ ጠርዙ ላይ እርከን ከሠራ አልቋል ወይ ሊያልቅ ነው። ትንሽ ብቻ ከተበላ ግን እንደገና የሚሞርዱ ባለሙያዎች አሉ። ኒው ጀርሲ ያለው ጄአርኤፍ ማግኔቲክስ ለምሳሌ ሥራው ይሄው ነው።

አዲስ አበባ ስለሆንክ የመብራቱ ነገር አለ። የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ትራንስፎርመር ሳታስገባ እንዳትሰካው፣ አደራ። 244 የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያለው ዲሲ ሞተር ስለሆነ ከዚያ በላይ አያሳስብህም። ነገ ግን ትልቅ ባለሪል ማሽን (ቴፑ በትልልቅ መንኮራኩር የሚጠመጠምበት) ካማረህ ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ የድሮዎቹ ሞተራቸው የመብራቱን ሄርዝ፣ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ ተከትሎ ነው የሚዞረው። ለ60 ሄርዝ የተሠራውን እኛ አገር 50 ላይ ብትሰካው 17 በመቶ ያህል ይዘገያል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ፑሊው መቀየር አለበት።

ስለ ካሴቱ፦ ክሮም የሚባለውን፣ ዓይነት 2 የተጻፈበትን ፈልግ። ያልተከፈተ የድሮ ቲዲኬ ኤስኤ ወይም ማክስል ኤክስኤል 2 ካገኘህ አትለፈው። መቅጃው ከተራ ቴፕ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚዞር የ60 ደቂቃ ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዝልህ። ለአንድ መዝሙር ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ከሶኬት ንቀለው፣ የታች ክዳኑን ፍታና የቤልቱንና የሄዱን ፎቶ በቅርብ አንስተህ ላክልኝ። ሄዱ ደህና ከሆነ የቤልቱን ልኬት አብረን እናወጣለን።