ጠዋት አልታጠፍ የሚሉ ጣቶች፦ ስለ ሩማቶይድ ጥያቄና መልስ

ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ስለሚያጠቃበት በሽታ፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ ጥያቄ ጎረፈ። ተደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጮቄ ተራራ ሥር ነው የምትኖር። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፤ ሊጥ ማቡካት አቅቷታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ ነው» ይላል። እውነት ብርድ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ በሽታውን ግን አያመጣውም። ጠዋት ጣቶቿ እስኪፍታቱ ምን ያህል ይቆያል? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከለቀቃት ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሩማቶይድን ጠርጥሪ። መዳፏን ከግራና ከቀኝ ይዘሽ የጣቶቿን መነሻ አንጓዎች ቀስ ብለሽ ጨመቅ አድርጊ። በሁለቱም እጇ ካመማትና እብጠት ካለ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ሰውነት እንዴት ራሱን ያጠቃል?

መልስ፦ ሁለት መከላከያ አለን። አንደኛው ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው ነው፤ ጠላቱን ለይቶ ሳያጣራ ወዲያው ይነሣል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይማርና ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ለይቶ ባዕዱ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን፣ ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ጥፋቱን ለመረዳት ግን አንደኛውን ማየት ግድ ይላል ባይ ነኝ።

በመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች አሉ። በደህናው ጊዜ የሞተ ሴል ያጸዳሉ። በዚህ በሽታ ግን ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ፣ እብጠት የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችን ያለማቋረጥ ይረጫሉ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ከደም እየወጡ ወደ መገጣጠሚያው ይጎርፋሉ። ኒውትሮፊል የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግቶ ጀርም ያጠምዳል። እዚህ ግን የሚጠመድ ጀርም የለም። መረቡ ላይ ያሉት ቅርጻቸው የተለወጠ የራሳችን ፕሮቲኖች ናቸው። ሁለተኛው መከላከያ እነሱን እንደ ባዕድ አይቶ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትባቸዋል። ያ ደግሞ ተመልሶ ማክሮፌጁን ይቀሰቅሳል። አዙሪቱ ይኼ ነው። ሽፋኑ እየወፈረ ይሄዳል፤ ልም አጥንቱ ይበላል፤ ቀጥሎ አጥንቱ ይሰረሰራል።

ጥያቄ፦ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ስውጥ ይተወኛል። ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የተወህ ሕመሙ ነው፤ አዙሪቱ አልቆመም። የሚያስፈልግህ አዙሪቱን የሚገታ መድኃኒት ነው። አንተ ደህና ነኝ ስትል አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ የተበላውም ወደ ነበረበት አይመለስም። አዘውትረህ ስትወስደው ደግሞ ጨጓራህንና ኩላሊትህን ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን እብጠት አብራጅ ኪኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የምትወስዱ አላችሁ። እባካችሁ! አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፤ ድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሜቶትሬክሴት ታዘዘልኝ። «የካንሰር መድኃኒት ነው» ብለው አስፈሩኝ።

መልስ፦ አዙሪቱን የሚገታ መድኃኒት ነው። ለካንሰርም ይሰጣል፤ ለእርስዎ የታዘዘው መጠን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ይምረጡና ካርዱ ላይ ያስጽፉ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ልጅ ወይም ጎረቤት ያስታውሰው። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ የደምና የጉበት ምርመራም በየጊዜው ያስፈልጋል። አረቄ ይቅር። ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ አልሠራልኝም ብለው ቶሎ አይተዉት።

ጥያቄ፦ መርፌ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት በ1992 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሩማቶይድ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ብዙዎቹ ተሻላቸው። ዋጋው ግን ውድ ነው። ቲኤንኤፍ ቲቢን አፍኖ ለመያዝም ስለሚያገለግል መርፌው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ጸበል ላይ ነኝ። መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ አያቁሙ፣ እናቴ። ጸበልዎንም ይጠመቁ፣ ኪኒንዎንም ይዋጡ።