የመሳፍንት ቤት አጠፋፍን ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የአንድ ባላባት ቤት እንዴት እንደጠፋ ስትመረምሩ ከመጨረሻው ወንድ መቃብር አትነሡ፤ ከጋብቻው ተነሡ። ለዚህ የስዊዘርላንዱ የኪቡርግ ቤት ጥሩ መማሪያ ነው። የከበረውም የተበተነውም በሴቶች በኩል ነውና። (ዓመቶቹም ወራቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ11ኛው መቶ ዘመን የዲሊንገኑ ኮንት ሃርትማን አዴልሃይድን ሲያገባ የኪቡርግ ግንብና ቪንተርቱር ወደ ቤቱ ገቡ። በ1173 የሌንዝቡርግ ኮንቶች ወንድ ሲያጡም ከዚያ ቤት በመጣች ሚስት በኩል ድርሻ ደረሳቸው። በ1218 ደግሞ የዜሪንገኑ መስፍን በርቶልድ 5ኛ ዘር ሳይተካ ሞተ። እህቱ አና የኪቡርጉ የኡልሪክ 3ኛ ሚስት ነበረችና ፍሪቡርግ፣ ቱንና ቡርግዶርፍ ተጨመሩ። በርንና ዙሪክ ግን አልተወረሱም፤ የቅድስት ሮማ ግዛት ዘውድ ስለነበሩ ወደ ዘውዱ ተመለሱ።

ስለዚህ ወረቀታችሁን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ርስት፣ ከጌታ የተሰጠ ጉልት፣ ሹመት። (የእኛ ርስትና ጉልት ከእነሱ ጋር አንድ አይደለም፤ ለመነሻ ግን ይረዳል።) ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ በማን በኩል እንደገባና እንደወጣ ጻፉ። ሦስቱን የሚቀላቅል ሰው የውርስ ጠብን ምክንያት አያገኝም።

ጠቡ በ1264 ፈነዳ። ወጣቱ ሃርትማን 5ኛ በ1263 ሕፃን ልጁን አናን ትቶ ሞቶ ነበር። አጎቱ ሃርትማን 4ኛ በኅዳር 1264 ተከተለው። የሃርትማን 4ኛ እህት የሃይልቪግ ልጅ የሃብስቡርጉ ሩዶልፍ ግን አጎቱ ገና በሕይወት ሳለ፣ በሰኔ፣ ለቪንተርቱር የከተማ መብት ደብዳቤ ሰጥቷል። ቀኖቹን ጎን ለጎን ካላስቀመጣችሁ ይህ ያመልጣችኋል። የሃርትማን 4ኛ ሚስት የሳቮይዋ ማርጋሬት ለመኖሪያዋ የተሰጣትን ርስት ስትጠይቅ ነገሩ ከሳቮይ ቤት ጋር እስከ 1267 የዘለቀ ጦርነት ሆነ። ትንሿ አና በ1273 ለሃብስቡርግ-ላውፈንቡርጉ ኤበርሃርድ ተዳረች፤ ከእነሱ አዲሱ የኪቡርግ ቤት ተወለደ።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በስም ነው። አዲሱ ቤት ሃርትማንን ከአንደኛ ጀምሮ እንደገና ይቆጥራል፤ ከስሙ አጠገብ የሞተበትን ዓመት ሁልጊዜ ጻፉ። ሁለተኛው ወጥመድ የዓመት መባቻ ነው። የአሬ ወንዝ ግራ ዳር የሎዛን፣ ቀኙ የኮንስታንስ ሀገረ ስብከት ነበር። ሎዛን ዓመቱን መጋቢት 25፣ ኮንስታንስ በገና ቀን ይለውጡ ነበር። ሎዛን ውስጥ በየካቲት 1263 የተጻፈ ሰነድ ለእኛ 1264 ነው። በሁለት አቆጣጠር ላደገ ሰው ይህ ከባድ መሆን የለበትም።

አዲሱን ቤት የጨረሰው የወንድ ማጣት አይመስለኝም፤ ዕዳ ነው። በ1277 ፍሪቡርግን በ3,040 ማርክ ብር ሸጡ። በ1322 ኤበርሃርድ 2ኛ ወንድሙን ሃርትማንን በቱን ግንብ ከገደለ በኋላ፣ በዓመቱ ቱንን ለበርን ሸጦ መልሶ እንደ ጉልት ተቀበላት። በኅዳር 1382 የዞሎቱርንን ከተማ በድንገት ለመያዝ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ በ1384 ቱንና ቡርግዶርፍ በ37,800 ጉልደን ለበርን ሄዱ። የመጨረሻው ወንድ የሞተው ግን በ1417 ነው፤ ዋና ዋና ከተሞቹ ከተሸጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሁለቱን ዓመቶች ለየብቻ መዝግቡ። ማርክንና ጉልደንንም አትደምሩ፤ አንዱ የብር ሚዛን፣ ሌላው የወርቅ ሳንቲም ነው።