አዲሱ ባለ ሁለት ሌይን አደባባይ ላስጨነቃችሁ የወሎ ልጆች

ባለፈው ጁምዓ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ በቪዲዮ ደወለና «አጎቴ፣ ስራ የምሄድበት መስቀለኛ ላይ የነበረውን መብራት አንስተው ባለ ሁለት ሌይን አደባባይ ሰሩበት፣ እኔም ፈርቼው ይሄው ሳምንቱን ሙሉ በሩቅ መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው» አለኝ። እሱ ብቻ አይደለም፣ ከናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚህ ስትሉ ሰምቻለሁ፣ ለዛ ነው የምፅፈው። እኔ በወጣትነቴ ከኮምቦልቻ ደሴ አይሱዙ ነድቻለሁ፣ ሐረጎን በጭጋግም በዝናብም ወጥቼ ወርጄበታለሁ፣ ከዛ ዋሽንግተን ስቴት 17 ዓመት ነድቼ ነው ተመልሼ ደሴ የገባሁት። የሁለቱንም መንገድ ስለማውቀው አብሽሩ፣ ይለመዳል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ደሴ ላይ የምንነዳው በአይን ነው። ፒያሳ ላይ ባጃጁም ታክሲውም እግረኛውም ተያይቶ ነው የሚተላለፈው፣ አንዱ እጁን ያነሳል፣ አንዱ «እለፍ በሞቴ» ይላል፣ ያልፋል። ጥሩ ባህል ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ባለ ሁለት ሌይን አደባባይ ውስጥ ግን ይሄ ደግነት ሰው ያስጎዳል፣ ወላሂ በራሴ ደርሶ ነው የምላችሁ። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አደባባዩ ውስጥ እየዞርኩ ሳለ አንዲት አሮጊት መግቢያው ላይ መኪናቸውን አቁመው መግባት ፈርተው አየኋቸውና አሳዘኑኝ፣ ፍሬን ያዝኩና በእጄ ይግቡ አልኳቸው፣ እሳቸው ግራ ገብቷቸው ሲያዩኝ ከኋላዬ የነበረው ልጅ መጥቶ ገጨኝ። ምን ያድርግ፣ አደባባይ ውስጥ ገብቶ እየሄደ ያለ መኪና ያለምክንያት ይቆማል ብሎ አልጠበቀም። የኋላ መብራቴ ቀይ ስባሪ አስፓልቱ ላይ ተበትኖ፣ ልጁ አንገቱን በእጁ ይዞ ከመኪናው ሲወርድ ያየሁት እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ለሌላው መቆምና ቅድሚያ መስጠት ከመግባታችሁ በፊት ነው፣ ከገባችሁ በኋላ ቅድሚያው የናንተ ነው፣ ፊታችሁ እስካልተዘጋ ድረስ ሂዱ።

ሁለተኛውና ትልቁ ነገር ሌይን ነው። ለእህቴ ልጅ በቃል ብነግረው አልገባው አለ፣ ደግነቱ ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበርና ጀበናውን ረከቦቱ መሀል አስቀመጥኩት፣ አደባባዩ እሱ ነው አልኩት፣ ሁለት ስኒ ደግሞ ጎን ለጎን አደረግኩና ስልኩን ከላይ ያዢልኝ ብዬ ለልጄ ሰጠኋት። የቀኙ ስኒ ወደ ግራ መሄድ ፈልጎ ዳር ዳሩን ይዞ ይዞራል፣ የግራው ስኒ ደግሞ ቀጥታ ሄጃ ስለሆነ በራሱ መውጫ ይወጣል፣ ሲወጣ የቀኙን መንገድ ይቆርጣል፣ ቀጭ! አቦሉ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «አጎቴ፣ እኔኮ ሁሌ ዳር ዳሩን ነው የምይዘው፣ ዳሩ ይሻላል እያልኩ» አለ። አያችሁ፣ የብዙዎቻችን ስህተት ይሄ ነው። ዳሩ የሚሻለው ወደ ቀኝ ለሚታጠፍ ነው፣ ወደ ግራ የሚሄድና ዞሮ የሚመለስ በግራ ሌይን ነው የሚገባው፣ ቀጥታ ሄጃ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ይሄዳል፣ ግን ከአደባባዩ በፊት የቆመው ሳይንና አስፓልቱ ላይ የተቀባው ቀስት የሚለው ነው የመጨረሻው፣ እሱ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። ሌይናችሁን እዛ ምረጡና ከገባችሁ በኋላ አትቀይሩ። መውጫችሁ ካመለጣችሁም በድንገት መሪ አትጠምዝዙ፣ ሌይናችሁ በሚያወጣችሁ ውጡና ወደፊት ዞራችሁ ተመለሱ፣ አምስት ደቂቃ ብትዘገዩ ነው።

ስትገቡ ደግሞ ከግራ የሚመጣውን ሁለቱንም ሌይን ጠብቁ። ውስጠኛው አይመለከተኝም እንዳትሉ፣ ከረከቦቱ እንዳያችሁት ውስጠኛው ሲወጣ በፊታችሁ ነው የሚያልፈው። ከመውጫችሁ በፊት ያለውን መውጫ ስታልፉ የቀኝ ፍሬቻ አሳዩ፣ መውጫው ላይ ዜብራ ስላለ እግረኛ እዩ፣ በተለይ ጎናችሁ ያለው መኪና ከቆመ እሱ የጋረደባችሁ ሰው ሊኖር ይችላልና እናንተም ቁሙ። አምቡላንስ ከመጣ መሀል ላይ አትቁሙ፣ ወጥታችሁ ዳር ያዙ።

ተሳቢ ጎን ግን በጭራሽ እንዳትገቡ። ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ተሳቢ ሲዞር መንገዱን በሙሉ ይዞት ዝም ብለን የምንጠብቀውን አስታውሱ፣ እዛም ያው ነው፣ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ ሁለቱንም ሌይን ይይዛል። መሀሉ ዙሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ የተነጠፈው ቀለበትም ለሱ የኋላ ጎማ ነው የተሰራው።

እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ላላችሁ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው የምትዞሩት፣ ቅድሚያም ከቀኝ ለሚመጣው ነው።

ለምን መብራቱን አነሱት ለምትሉ፣ ተራ መስቀለኛ ላይ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልበት ነጥብ 32 ነው፣ ባለ አንድ ሌይን አደባባይ ላይ 8 ብቻ። በባለ ሁለት ሌይኑ ቁጥሩ ከ8 ከፍ ቢልም ሁሉም ቀስ ብሎ ስለሚገባ ፊት ለፊትና ከጎን መጥቶ የሚገጭ፣ ያ ገዳዩ አደጋ ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ትንንሽ ግጭት መኖሩ እውነት ነው። ግን እኔ በኖርኩበት በዋሽንግተን ስቴት የተጠና ጥናት ባለ ሁለት ሌይኖቹ ላይ አደጋው በየዓመቱ በአማካይ 9 በመቶ ያህል እየቀነሰ ሄዷል ይላል፣ ሰው ሲለምድ ማለት ነው።

ለመልመድ ደግሞ መጀመሪያ በእግራችሁ ሂዱና ዳር ቆማችሁ ግማሽ ሰዓት እዩት፣ ማን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። ከዛ እሁድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን በየአቅጣጫው ደጋግማችሁ ግቡበት።

የእህቴ ልጅም እሁድ ከሱብሒ በኋላ ሄዶ ስድስት ጊዜ ዞረበት። ሰኞ ስራ ከገባ በኋላ ደወለልኝ፣ በግራ ሌይን ገብቶ በግራው ወጥቷል።