ጅቡቲ ለሁለት ቀን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ጽሑፌ «ጅቡቲ ሄዳችሁ ወደቡን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ» ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ጅቡቲ ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን ኮንቴይነር ነው። አይፈረድብንም፤ ከአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወንዛችንም፣ መንገዳችንም፣ ልጆቻችንም እዚያ ይደርሳሉ፤ እኛ ግን ስለ ቦታው የምናውቀው ትንሽ ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

«ለስብሰባ ነው የምሄደው። ሐሙስ ማታ ያልቃል፣ በረራዬ ቅዳሜ ማታ ነው። ምን ልይ?» (የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)

አርብ ሱቁ ሁሉ ስለሚዘጋ ከተማው ጭር ይላል። ስለዚህ አርብን ለአሳል ሐይቅ፣ ቅዳሜን ለከተማው አድርጊው።

አሳል ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ሆቴልሽ መኪና ከነሹፌሩ ያገናኝሻል። ዋጋውን ሳትነሺ ጨርሺ፣ ነዳጅ ይጨምር አይጨምር ጠይቂ። ማልደሽ ውጪ፤ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም።

ሐይቁ ጋ ሳትደርሺ ሹፌሩን ጉቤት ላይ አቁምልኝ በይው። ጉቤት ባሕሩ ወደ መሬት ገብቶ የተዘጋበት ቦታ ነው። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሁሉም የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ። እ.ኤ.አ. በ1978 አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው እዚሁ፣ በጉቤትና በአሳል መካከል ነው። የጉቤት ውሃ በመሬቱ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ አሳል ይወርዳል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ለዚህ ነው ሐይቁ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨው ያለው። አፋሮች ይህን ጨው በግመል ጭነው ወደ መሀል አገር ይወስዱት ነበር።

ዳር ላይ ስትራመጂ ጨዉ ከእግርሽ ሥር ይንኮሻኮሻል። አንድ ቁራሽ አንስተሽ በደንብ እዪው፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነው። ባዶ እግር ይቆርጣል፣ ስለዚህ የሚታሰር ሰንደል አድርጊ። ቁስል ወይም ጭረት ካለሽ ውሃው ውስጥ አትግቢ፣ ያንገበግባል። ዋና ባትችዪም ውሃው ራሱ ያንሳፍፍሻል፤ ብቻ ዓይንሽን ጠብቂ። ስትወጪ ጨው ቆዳሽ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። መለቃለቂያ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ከከተማ ይዘሽ ካልሄድሽ እስከ ሆቴልሽ ድረስ ሲያሳክክሽ ትመለሻለሽ። እዚያው የአካባቢው ሰዎች ድቡልቡል የጨው ድንጋይ ይሸጣሉ። ግዢያቸው። ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ከተማ ውስጥ አላገኘሁም።

«ሹፌሩ በስድስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎኝ በሌሊት መጣብኝ። ምን ማለቱ ነው?»

እነሱ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። ከእኛ ጋር የሰዓት ልዩነት የለም፣ አቆጣጠሩ ግን ሌላ ነው። ስድስት ሰዓት ካሉህ ንጋት 12 ሰዓት ማለታቸው ነው። በአማርኛ የሚያወራህ ሹፌር ቢሆንም «በማን አቆጣጠር?» ብለህ ጠይቅ። የባቡርና የአውሮፕላን ትኬት ላይም እንዲሁ።

«ፔካ 12፣ ከከተማው ዳር ባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ፣ ቆሜ ወረፋ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጃል። ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ የት ልሂድ?» (የከባድ መኪና ሹፌር)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ጅቡቲን ከማንም በላይ የምታመላልሷት እናንተ ናችሁ፣ ከተማዋን ግን ከመኪናው መስታወት ውጭ የምታዩበት ጊዜ የላችሁም።

መኪናውን ረዳትህ ይጠብቅና በጠዋት ሚኒባስ ይዘህ መሀል ከተማ ግባ። ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ውረድ። ከፊትህ ሐሙዲ መስጊድ ይታይሃል፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራ ነው፣ አጠር ወፈር ያለ ሚናሬት ያለው። ጎኑ ገበያው ነው፤ ቅመም፣ ሽቶ፣ ሽርጥ፣ ቴምር። ሴቶቹ ቦርሳቸውን ታቅፈው ገንዘብ ይመነዝራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የተቆለፈ ነው፤ ከ1973 ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። ስለዚህ ማንም «ዛሬ ዋጋው ወርዷል» ቢልህ አትስማው።

ከገበያው ጥቂት በእግርህ ሄደህ ምኒልክ አደባባይ ትደርሳለህ። በወረቀት ላይ ስሙ 27 ጁን 1977 ነው፣ አገሪቱ ነፃ የወጣችበት ቀን። ነባሩ ሰው ግን ዛሬም ምኒልክ ነው የሚለው። ነጫጭ ቅስት ያላቸው የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች ዙሪያውን ከበውታል። በጥላው ሥር አንድ ሻይ ይዘህ መቀመጥ ብቻውን ይበቃል።

ይህን ሁሉ ከቀትር በፊት ጨርስ። ወደ ቀትር ላይ ከእኛ አገር ጫት ይገባል። ከዚያ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። እስከ አሥር ሰዓት ምንም ለመሥራት አትሞክር፤ አንተም ተኛ። ማምሻውን ወደ ሲየስታ ባሕር ዳርቻ ሂድ። የመግቢያ ክፍያ የለውም። ውሃው ሲሸሽ ሩቅ ስለሚሄድ ልጆች እርጥቡ አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ይቀመጣል። ነፋሱ በመጠኑም ቢሆን የሚቀዘቅዘው በዚያ ሰዓት ነው። ለሚስትህ ከዚያ ሆነህ ደውልላት።

«ሁለት ልጆች ይዤ ነው። ትልቁ ዓሣ አደገኛ ነው?» (እናት፣ ዱባይ)

ዌል ሻርክን ማለትሽ ከሆነ፣ አይደለም። ስሙ ሻርክ ይባል እንጂ የሚመገበው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ አርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ይመጣሉ። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ያም ሆኖ ግዙፍ ናቸው። አፋቸውን ከፍተው ቀስ እያሉ ሲያልፉ ጀርባቸው ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ልጆችሽ ጥልቅ ውሃ ላይ መዋኘት ካልቻሉ ግን ከጀልባው ላይ ይመልከቱ። ላይፍ ጃኬት በልካቸው መኖሩን ሳታረጋግጪ ጀልባው ላይ አትውጪ። ጀልባ ነጂው ዓሣው ላይ ሲጠጋ ዝም አትበዪ፣ ራቅ በል በዪው። መንካትም ማሳደድም ልክ አይደለም። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ሙሻ ወይም ማስካሊ ደሴት ይሻላቸዋል። ውሃው ዳር ዳሩን ጥልቀት የለውም፣ ቆመው ዓሣ ያያሉ።

«በገና ጾም ነው የምሄደው። ምን እበላለሁ?»

ዓሣ የምትበላ ከሆነ ምንም አትቸገር። የየመን ዓሣ ቤት ግባ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፣ በርበሬ ይቀቡታል፣ ከዚያ በሚንቀለቀለው የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል። ቂጣውም እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚበስለው። ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ፣ በወረቀት ላይ ይቀርብልሃል። በእጅ ነው የሚበላው። ሎሚ ጨምቅበት።

ዓሣም የማትበላ ከሆነ ፉል በየቦታው አለ፤ ቅቤ አትጨምሩበት በል። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም የጾም በያይነቱ አላቸው። ላሆህ የሚሉት ቂጣ ዓይን ያለው ስለሆነ እንጀራ ያስታውስሃል፣ ከእንጀራ ግን ትንሽና ለስላሳ ነው። ለጸሎትም አታስብ፤ ከተማው ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ።

«ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር ነው። አዲሱን ባቡር ይዤ አንዴ ጅቡቲን ማየት እፈልጋለሁ። ይሆናል?» (ጡረተኛ፣ ድሬዳዋ)

ይሆናል እንጂ አባቴ። እንደውም ለእርስዎ ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለሕዝብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እርስዎ ከድሬዳዋ ስለሚነሱ መንገዱ ያጥርልዎታል። በየቀኑ ስለማይነሳ ቀኑን ቀድመው ይጠይቁ፣ ፓስፖርትዎንም አይርሱ። የሚወርዱት ናጋድ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ይላል፣ ታክሲ ያስፈልግዎታል።

የድሮውን መስመር ታሪክ ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ነው። ለሌሎቹ አንባቢዎች ግን ልንገራቸው። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በዚያ ባቡር የሠራችሁ ሰዎች የምታውቁትን ሳታስጽፉ ማለፋችሁ ያሳዝነኛል። ሲመለሱ ለልጅ ልጅዎ ያጫውቱና ይጻፍልዎት።

ከግንቦት እስከ መስከረም ግን እንዳይሄዱ እለምንዎታለሁ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አቧራ ያዘለ ነፋስም አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት መልካም ነው።

«ፎቶ ማንሳት ይከለከላል ይላሉ።»

ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና ወታደር ያለበትን ማንኛውንም ቦታ አታንሱ። ከተማው ውስጥና ዙሪያው የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር አለ። ሰው በተለይም ሴት ስታነሱ አስፈቅዱ። ሌላው ችግር የለውም።

«ታናሽ ወንድሜ የሄደው በኦቦክ በኩል ነው። ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ።» (ከኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ኦቦክ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ፈረንሳዮች ጅቡቲን ከመቆርቆራቸው በፊት መቀመጫቸው እሷ ነበረች። ከጅቡቲ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ጀልባ ይሄዳል፤ በመኪናም በታጁራ በኩል ይደረሳል። ታጁራ ራሷ ከሸዋ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለመሄድ ጉዟቸውን የጀመሩት ከእሷ ነው።

ዛሬ በዚያው መንገድ የሚጓዙት የእኛ ልጆች ናቸው። ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከትግራይ። ከአሳል መገንጠያ አልፈሽ ወደ ታጁራ ስትሄጂ ታያቸዋለሽ። አምስትም ስድስትም ሆነው የአስፋልቱን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። ላስቲክ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ባዶ ሃይላንድ። አንዱ መኪናችንን ሲያይ ሃይላንዱን ዘቅዝቆ አሳየን፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ሹፌራችን ሳይጠየቅ ቆመ። ልጁ ጠጥቶ ሲጨርስ «ኦቦክ ስንት ቀረው?» አለኝ በአማርኛ። ብዙ እንደሚቀረው አውቅ ነበር፣ ለመናገር ግን አፌ እንቢ አለኝ። ከኦቦክ በኋላ ደግሞ ወደ የመን የሚሻገሩበት ባሕር አለ። ስንት ጀልባ ተገልብጦበታል።

በዚያ መንገድ የምታልፉ ሁሉ ለራሳችሁ ከሚበቃው በላይ ውሃ ጫኑ። በትንንሽ ጠርሙስ ቢሆን ይሻላል፣ ለማደል ይመቻል። ኦቦክ ውስጥ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል አለ፤ ወደ አገሩ መመለስ የፈለገ እዚያ ርዳታ ያገኛል። ለምታገኙት ልጅ ንገሩት። አንቺ ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ፤ አንድ የቅርብ ሰው ይኑር አጠገብሽ።

«ቤታችን ከአዋሽ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ወንዙ የሚያልቅበትን ማየት ይቻላል?» (ተማሪ፣ መተሐራ)

ይቻላል! አቤ ሐይቅ ይባላል፣ ድንበሩ ላይ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በዲኪል በኩል ነው የሚኬደው። ከዲኪል በኋላ አስፋልት የለም፣ ጠንካራ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ያስፈልጋል። አንድ ሌሊት ማደር ግድ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀንህን በሙሉ ይወስድብሃል፤ እኔ ብሆን ግን አሳልን ትቼ እሱን እመርጣለሁ።

አዋሽ ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ይነሳል። ቆቃን ሞልቶ፣ በእናንተ በኩል አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ እዚህ ይቀራል። ሜዳው ላይ የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ሐይቁ ድሮ ሰፊ በነበረበት ጊዜ ከሥር የሚወጣ ፍል ውሃ የሠራቸው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ከተነሳህ ከአንዳንዶቹ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ታያለህ። የአፋር እረኞች ፍየሎቻቸውን በመካከላቸው ይነዳሉ። ፍል ውሃው የሚወጣበት ላይ መሬቱ ይሰምጣልና አስጎብኚው የረገጠበትን ብቻ ርገጥ።

ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ከቤታችሁ ወረድ ብለህ የአዋሽን ውሃ ቀለም በደንብ እየው። አቤ ዳር ስትቆም ያንኑ ውሃ ታውቀው እንደሆነ ጻፍልኝ።