የአያቴን ጭቃ ቤት ሲሚንቶ እንለስነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው። የአያቴ ቤት የድሮ ጭቃ ቤት ነው፣ ቋሚው ጥድ ነው ይላሉ። ዘንድሮ የጓሮው ግድግዳ ከታች መፈርፈር ጀመረ። ግንበኛው ወንፊት ሽቦ መትቼ በሲሚንቶ ልለስነው አለ፣ አጎቴ ደግሞ አፍርሰን በብሎኬት እንስራው ይላል፣ አያቴ ሁለቱንም እምቢ አለች። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አያትሽ ልክ ናቸው፣ ሲሚንቶውን እርሺው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል መልሶ ይለቀዋል፣ ሲሚንቶ ስትደርቢበት ግን በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ውስጥ ለውስጥ ቋሚውን ያበሰብሰዋል፣ ምስጥም የሚወደው ይሄንኑ ነው። ከውጭ ያማረ ይመስላል፣ አንድ ቀን ልስኑ ከነሽቦው ተገንጥሎ ሲወድቅ እንጨቱ የለም።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። ከታች ብቻ ከፈረፈረ አብዛኛውን ጊዜ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ ነው ግድግዳውን የሚመታው፣ አሽንዳ አስገጥሙ፣ ግድግዳው ስር የተከመረ አፈር ካለም አንሱት። ከዛ የቋሚዎቹን እግር መሬቱ ጋ አንድ በአንድ በካቻቢቴ ውጉ፣ ጫፉ ብቻ ነክቶ ከቆመ ጤነኛ ነው፣ እንደ ዳቦ ከገባ ግን ያ ቋሚ መቀየር አለበት። የጥድ ልቡን ምስጥ ብዙም አይደፍረውም፣ በምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ ነው መሬት ውስጥ ቶሎ የሚሄደው። ጣራውን በፑንቴሎ፣ ማለትም በድጋፍ ምሰሶ፣ አስደግፎ የተበላሸውን እግር ብቻ ቆርጦ ከስሩ ድንጋይ አስገብቶ መተካት ደህና አናጢ የሚሰራው ስራ ነው።

ጭቃው ላይ አትቸኩሉ እባካችሁ። የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ውሃ እየተጨመረ በየቀኑ እየተረገጠ ይቡካ፣ መሽተት ሲጀምር ነው የደረሰው። ወፍራሙን መጀመሪያ ምረጉ፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ አትደንግጡ፣ ስሱ ልስን የሚደረበው ከዛ በኋላ ነው። ቀለም ካማራችሁ ኖራ ቀቡት።

ለአጎትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ፣ አዳማ ስምጥ ሸለቆ ላይ ያለች ከተማ ነች፣ በ2017 ከፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛንም ነቅንቆናል። እንጨቱ ጤነኛ የሆነ፣ ማገሩ በደንብ የተያያዘ ቤት ሲናወጥ አብሮ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ቢረግፍ እንኳ አጥንቱ ይቆማል፣ ብረት በቅጡ ያልገባበት የብሎኬት ግድግዳ ግን ይሄ የለውም። እንደዚህ ያሉ ቤቶች ከከተማችን እያለቁ ነው እኮ! ለማፍረሻ ያሰበውን ብር ለአሽንዳውና ለአናጢው ያድርገው፣ ብቻ ክረምት ሳይገባ ጀምሩ፣ ጭቃው የሚደርቅበት በቂ ፀሐይ ያስፈልገዋል።