ከ«አይሆንም» በኋላ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በድንጋይና በአፈር ጥናት ያሳለፍኩ ጂኦሎጂስት ነኝ። አብዛኞቻችሁ ሥራ ልትጀምሩ ነው፤ ወይም ገና መጀመራችሁ ነው። ስለ አእምሮ ነፃነትና ስለ ራስን መቻል ሳስብ ቶሎ የምትመጣልኝ አገር ምዕራብ አፍሪካዊቷ ጊኒ ናት። ስለዚህ ስለሷ ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1958 ጄኔራል ደ ጎል በአፍሪካ ላሉ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ምርጫ አቀረቡ። ወይ በፈረንሳይ ጥላ ሥር መቆየት፣ ወይ ወዲያውኑ ነፃ መውጣት። ሴፕቴምበር 28 ሕዝበ ውሳኔው ሲደረግ «አይሆንም» ያለችው ጊኒ ብቻ ነበረች። ኦክቶበር 2 ነፃ አገር ሆነች። ፈረንሳይ ተቀየመች። ባለሙያዎቿን አስወጣች፣ ገንዘቡንም አቋረጠች። የቢሮ ሰነድና ዕቃ ሳይቀር ተወሰደ። እስቲ በማግሥቱ ቢሮ የገባውን ወጣት ጸሐፊ አስቡት። አለቃው የለም። መዝገቡ የለም። ባለጉዳዩ ግን በር ላይ ቆሟል።

ያንን ድፍረት ከልቤ አከብራለሁ። ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግን ልክ አይመስለኝም።

ዲያሎ ቴሊ የሚባሉ ጊኒያዊ ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነው ከ1964 እስከ 1972 እዚሁ አዲስ አበባ ሠርተዋል። አገራቸው ተመልሰው ሚኒስትር ሆኑ። በ1976 በሴራ ተወንጅለው ታሰሩ። በ1977 ካምፕ ቧሮ በተባለው እስር ቤት ምግብና ውሃ ተከልክለው ሞቱ። ያሰራቸው ያው «አይሆንም» ያለው፣ የመጀመሪያው የጊኒ ፕሬዚዳንት የሴኩ ቱሬ መንግሥት ነው። ለፈረንሳይ እንቢ ያለ ሕዝብ የራሱን መሪ እንቢ ማለት ወንጀል ሆነበት። የውጭውን መቃወም ጭብጨባ ያስገኛል። የራስን ወገን፣ የሚወዱትን ሰው፣ «ማስረጃህ የታለ?» ማለት ነው ከባዱ። ይህን ማለት ያልለመደ ሰው ጌታ ቀየረ እንጂ ነፃ አልወጣም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሰው ደግሞ ሥልጣን አልነበረውም። ሰሎማና ካንቴ ይባላል፤ በጊኒ የካንካን ከተማ አካባቢ ተወላጅ ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች ለጽሑፍ አይመቹም የሚል ነገር አነበበና አንገበገበው። ተሳድቦ ዝም አላለም። መጀመሪያ ቋንቋውን በዓረብኛ ፊደል ለመጻፍ ሞከረ፤ ቀጥሎ በላቲን። ሁለቱም የቋንቋውን የድምፅ መውጣትና መውረድ በልኩ አልያዙለትም። በ1949 ንኮ የተባለውን ፊደል ራሱ ፈጠረ። ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ለድምፁ ከፍታና ዝቅታ ምልክት አለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈበት፦ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ባህላዊ ሕክምና። ሰዎች በእጃቸው እየገለበጡ አንዱ ለሌላው አስተማረ። የራሳችን ፊደል ስላለን ይህ ቀላል ሊመስለን ይችላል። ፊደል በሌለበት ቦታ ተነስቶ ይህን መሥራት ግን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። በ2006 ንኮ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ገባ።

መንግሥትም በበኩሉ ከ1968 ጀምሮ ትምህርት በአገር ቋንቋዎች እንዲሰጥ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዝግጅቱ ግን አልደረሰለትም። ሴኩ ቱሬ በ1984 ሲሞቱ ትምህርት ቤቱ ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጊኒ በዓለም ትልቁ የቦክሳይት ክምችት አላት፤ አሉሚኒየም የሚወጣበት ቀይ አፈር ማለት ነው። አንድ ቶን አሉሚኒየም ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ቶን ቦክሳይትና ወደ 14,000 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ወንዙ አላቸው፤ ኒጀርም ሴኔጋልም ጋምቢያም የሚነሱት ከጊኒ ምድር ነው። አፈሩ ግን እስካሁን በአብዛኛው በጥሬው በመርከብ ይሄዳል። የውጭ ኩባንያ መግባቱ አይደለም የሚያሳስበኝ። ማሽኑንም ሰውየውንም እንፈልጋቸዋለን። የሚያሳስበኝ ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል የሚቀመጠው ሰው ስሌቱን ራሱ ሠርቶት ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

ይህ ቅኝ የተገዙትን ብቻ አይመለከትም። እኛ ጣሊያንን አስወጥተናል፤ ግን ስንት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነገር አለ። ወፍራም የጥናት ሪፖርት ከውጭ ይመጣል። ቁፋሮው ላይ የነበረው ልጃችን የማዕድኑ ውፍረት እሱ ከለካው ጋር እንደማይገጥም ያያል። ማስታወሻ ደብተሩ እጁ ላይ ነው። «እነሱ ይሻላሉ» ይልና ዝም ይላል። ያ ዝምታ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፖርት እጃችሁ ሲገባ ጥሬ መረጃውን አስመጡ። ናሙናውን ከፍላችሁ ሌላ ላብራቶሪ ላኩ። ቁጥሩን እንደገና አስሉት። ከገጠመ ደስ ብሏችሁ ፈርሙ። ካልገጠመ በጽሑፍ አሳዩ፤ ስማችሁንም ከሥር አኑሩ። ሪፖርቱን የጻፈው የውጭ ሰው ሳይሆን የራሳችሁ አለቃ ቢሆንም እንዲሁ አድርጉ።