አስፋልት ላይ የጠፋው መስመር፦ ለወጣት ፕሮግራም ጸሐፊዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ቀይ አዝዤ ለምን ሐምራዊ ይወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። በግማሽ የሚያሳልፍ ቀይ በሰማያዊ ላይ ቀብቶ ኖሯል። መልሱ አጭር ነው፤ ከቀለሙ ግማሹ፣ ከሥሩ ካለው ፒክስል፣ ማለትም ከምስሉ ነጥብ፣ ግማሹ ይደመራል። የቀለም ድምቀት ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይጻፋል፤ የቀዩ 255 ወደ 128፣ የሰማያዊውም 255 ወደ 128 ይወርድና ሐምራዊ ይሆናል። እርሱ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከአየር በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ የይዞታ ወሰን የሚሰመርበት ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ማውሱ ሲጎተት መስመሩ አብሮ ይለጠጣል። ሜሞሪ ውድ ስለነበር ከሥር ያለውን ምስል የትም አላስቀምጥም፤ መስመሩ የሚያርፍበትን የእያንዳንዱን ፒክስል ቁጥር የያዙትን ስምንት ቢቶች፣ ማለትም ዜሮና አንዶች፣ እገለብጣለሁ፤ ዜሮው አንድ፣ አንዱ ዜሮ ይሆናል። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። መስመሩ በዚያው ቦታ ሁለተኛ ሲሰመር ምስሉ እንደነበረው ይመለሳል። የትም ያልተቀመጠ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ማየት ዛሬም ደስ ይለኛል።

በፕሮግራሙ ካርታ የምትስል አንዲት ልጅ ነበረች። «መስመሩ አስፋልት ላይ ሲደርስ ይጠፋብኛል» አለችኝ። ቀና ብዬ እንኳን ሳላያት «ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ፈጽሞ እኩል ሊሆን አይችልም፤ ዓይንሽን ተመርመሪ» አልኳት። ተመረመረች። ከደመወዟ አውጥታም መነጽር ገዛች። አንድ ቀን መነጽሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑ ላይ ስታፈጥ አየኋት። ዳግመኛ ግን ምንም አላለችኝም። መንገድ ዳር ያሉትን ወሰኖች በግምት ትስል እንደነበር የሰማሁት ሥራውን ከለቀቀች በኋላ ነው።

ያኔ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። መስመሩ ዓይኔ እያየ አስፋልቱ ውስጥ ሰመጠ። ወረቀት አወጣሁ። የአስፋልቱ ግራጫ 128 ነው፤ ስምንቱም ቢቶች ሲገለበጡ 127 ይሆናል። እኩል አይሆንም ማለቴ በስሌት እውነት ነበር። የአንድ ቁጥር ልዩነት ግን በየትኛው መነጽር ይታያል? 128 የሚመዝነውን ትልቁን ቢት ብቻ ብገለብጥ ኖሮ 128 ወደ 0፣ 0 ወደ 128፣ 255 ወደ 127 ይሄዳል፤ በየትኛውም ግራጫ ላይ ልዩነቱ 128 ነው። ኮዱ ውስጥ ስምንቱንም ቢቶች የሚገለብጠውን 255 ሰርዤ ትልቁን ብቻ የሚገለብጠውን 128 ጻፍኩ። አንድ የኮድ መስመር ነበር የተለወጠው። ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

እናንተ የተዘጋጀ ኮድ ስላላችሁ ቁጥሩን በወረቀት ላይ የሚሞክር ከመካከላችሁ ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ምስልን በምስል ላይ ስለመደረብ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቡ፤ ቀለሙን አስቀድሞ ከሥሩ ያለውን በሚሸፍንበት መጠን ማባዛት ሥራውን ምን ያህል እንደሚያቀልለው ታያላችሁ። ስሌቱን እወቁ እላለሁ። እኔን ዓይኔን የጋረደኝ ግን ስሌቱን አውቃለሁ ማለቴ ነው፤ ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግስቱ ለወጣቱ ደወልኩለት። ሐምራዊውን መጀመሪያ ያየችው ደንበኛው እንደሆነች ነገረኝ። ዛሬውኑ ሄዶ አጠገቧ እንዲቀመጥ ለመንኩት።